የፊተኞቹ ማሰሮ

አዲስ ድስት ለመጀመሪያ ጊዜ እሳት ላይ ሲጣድ የሚያወጣው ሽታ አለ። ዝናብ የመታው አቧራ፣ የተቃጠለ ኩበትና ትንሽ ጭስ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ገበያ ከአንዲት ሴት ድስት ገዛሁ፤ ቤት ወስጄ ስጥደው ያ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ቆምኩ። እንደገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ ከአክስቴ ከአስካለ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ፣ ሁለት እጄ እስከ ክርኔ ጭቃ ሆኖ። በአያ ጌጤ ማሳ ላይ ያለው የፊተኞች መቃብር የተቆፈረበት በጋ ነው።

አክስቴ አስካለ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እናቷም፣ የእናቷም እናት እንደዚሁ። እናቴ ከጭቃው ለመሸሽ ወደ መርሐቤቴ ወርዳ ዓለም ከተማ አገባች፤ እኔን ግን ልጅ ላልወለደችው ለታላቅ እህቷ ተወችኝ። ቤታችን ከዘመሮ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የመንዝ መንደር ዳር፣ ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ እያፏጨ በሚወጣበት ጫፍ ላይ ነበር። ከኛ ወዲያ ቤት አልነበረም፤ ከኛ ወዲያ ሰማይ ነበር።

ሰው ሁሉ በኛ ድስት ያበስል፣ በኛ እንስራ ውሃ ይቀዳ ነበር። እኛ ቤት ግን አይበላም፤ ለድግስም አይጠራንም። «ጠይብ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል» ይባላል። ቅዳሜ ገበያ ስንቀመጥ እናቶች እኛ ፊት ሲደርሱ የሕፃናቱን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ትምህርት ቤት ሌላው ልጅ በአንድ ወንበር ሦስት ሦስት ሆኖ ሲጨናነቅ እኔ ለብቻዬ ተንሰራፍቼ እቀመጣለሁ። ይህን ለብዙ ጊዜ እንደ ክብር ቆጥሬው ነበር። አስተማሪው ጎበዝ ስለሆንኩ ሰፊ ቦታ የሰጡኝ መስሎኝ።

እውነቱን የነገረችኝ ጽጌ ናት፤ የአያ ጌጤ ልጅ፣ እኩያዬ።

«እናቴ ከብርቄ ጋር እንዳትቀመጪ፣ ትበላሻለች ብላኛለች» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ የሰማችውን ነው የነገረችኝ።

ቤት ስገባ አክስቴን ጠየቅኋት። «እኛ ሰው እንበላለን?»

ጭቃውን እያሸች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ሰው ብበላማ ከአያ ጌጤ ነበር የምጀምር» አለች። «ከመንደሩ የወፈረው እሱ ነው።»

አያ ጌጤ በእርግጥም ወፍራም ነበሩ፤ የመንደሩ ሽማግሌ፣ የብዙ በግና የሰፊ ማሳ ባለቤት። በገብስ ማሳቸው መካከል ድንጋይ የለበሰ ክብ ጉብታ አለ። ሞፈር አይነካውም፣ በሬ አይረግጠውም። ዙሪያውን ያርሱና እሱን ይተዉታል። ታሪኩን ልጆች ተሰብስበን ስንለምናቸው ድንጋዩ ላይ በርኖሳቸውን አንጥፈው ይነግሩን ነበር።

«ከኛ በፊት በዚህ አገር ፊተኞች ነበሩ» ይላሉ። «ግዙፎች ናቸው። የአንዱ እርምጃ ከዚህ እስከ ወንዙ ነው። ጠገቡ፣ ፈጣሪን ረሱ። መቅሠፍት ሊወርድባችሁ ነው ሲባሉ ትልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ። ከላይ አፈርና ድንጋይ ከምረው ጣራውን በአንድ ምሰሶ አቆሙት። ሚስት፣ ልጅ፣ ንብረት ይዘው ገቡና ምሰሶውን ራሳቸው ነቀሉት። ይኸው እስከ ዛሬ እዚህ ናቸው።»

ሌሎቹ ልጆች የእርምጃው ርዝመት ይገርማቸዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ምሰሶውን ማን ነቀለው? ከመካከላቸው «እኔ ልንቀለው» ያለው ማን ነው? ሌሎቹስ ዝም አሉት? አያ ጌጤን ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔ ከልጆቹ ኋላ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ ነበር የምቀመጠው።

ጥምቀት ባለፈ ሳምንት ሁለት መኪና አቧራ እያጨሰ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ሰብስበው ተመራማሪዎች መጥተዋል፣ ጉብታውን ይቆፍራሉ፣ ወረዳም ያውቃል አሉ። እኔ የሰማሁት «መርማሪዎች» ብዬ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ገደል ገብቶ ሲሞት ከወረዳ መርማሪ መጥቶ ሁሉንም ሰው እየጠራ ሲጠይቅ አይቼ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። መንግሥት ዘግይቶም ቢሆን የፊተኞቹን ሞት ሊመረምር መጣ። ምሰሶውን የነቀለው ሊታወቅ ነው።

የመርማሪዎቹ አለቃ ሠናይት የምትባል ቀጭን ወጣት ሴት ነበረች፤ ሱሪ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ። አብሯት ጉልበቱ ላይ ቆዳ ያሰረ፣ ብዙ የማይናገር ሽማግሌ ፈረንጅ አለ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሁላችንም ማሳው ዳር ሄደን እንቀመጣለን። ክር በችካል ወጥረው ጉብታውን በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፈሉት፤ ለሟቾቹ ቤት ሊሠሩላቸው መስሎኝ ክፍሎቹን ቆጠርኩ። አፈሩን በብሩሽ ይጠርጋሉ፤ መሬት የሚጠረግ ከሆነ እንግዳ ሊመጣ ነው አልኩ። የጠረጉትን አፈር ደግሞ በወንፊት ይነፋሉ። ከሁሉ ይህ አስገረመኝ። አፈር ነፍቶ የሚጋግር ሰው ከኛ ቤት በቀር አይቼ አላውቅም።

አጥንት በወጣ ቀን መንደሩ ሁሉ መጣ። ባሕር ዛፍ የሚያህል ቅልጥም ነበር የምንጠብቀው። ከሠራተኞቹ አንዱ የጭኑን አጥንት ከራሱ ጭን ጋር ለካው፤ እኩል ሆነ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሁላችንም አያ ጌጤን አየን።

«ይኼ የልጃቸው ነው» አሉ አያ ጌጤ ሳይደናገጡ። «ትልልቆቹ ከሥር ናቸው።»

ከሥርም ትልቅ አልወጣም። የወጣው ብርጭቆ የመሰለ ሰማያዊ ዶቃ፣ የመዳብ አምባርና ሸክላ ነበር። ብዙ ሸክላ። ጥቁር፣ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ፣ አንገቱ ላይ ደቃቅ ጭረት የተጫረበት። አብዛኛው ተሰባብሯል። ከመካከሉ አንድ ትንሽ አንገተ ጠባብ ማሰሮ ብቻ ሳይነካ፣ ዛሬ ከምድጃ የወጣ መስሎ ተገኘ። ሠናይት በሁለት እጇ ይዛ ስታወጣው ትንፋሿን ውጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከደጃችን መኪና ቆመ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ሠናይት ወረደች። ሸክላ ተገኘ፤ ሸክላ የሚሠራው ማነው? እኛ። በመንደሩ በግ ቢሞት፣ ልጅ ቢታመም እኛ ነን የምንጠረጠረው። አሁን ደግሞ የፊተኞቹ ሞት ሊመጣብን ነው።

«እናትሽ አለች?» አለችኝ።

«የለችም።»

«አክስትሽስ? እዚህ ሸክላ የሚሠሩ ሴት አሉ ብለውኝ ነው።»

«ዓለም ከተማ ሄዳለች። አትመለስም» አልኩ። እሱም ስላልበቃኝ «እኛ ሸክላ አንሠራም» ብዬ ጨመርኩ። ከኋላዬ አሥራ አንድ ድስትና አራት እንስራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

ሠናይት እንስራዎቹን አየች፤ እኔን አየች። ከመሳቋ በፊት አክስቴ የአፈር ሸክም አዝላ በጓሮ ብቅ አለች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ» አለች ሠናይት እጅ ነስታ። «ሥራ አስፈታሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አክስቴ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም አልነበረም። «አንቱ» የተባለችው እሷ ነበረች።

ሠናይት ወደ ቤት ገባች። መደብ ላይ ተቀመጠች። አክስቴ ግራ ገብቷት የገብስ ቆሎ በሳህን አቀረበች፤ ለእንግዳ የሚቀርብ ነገር ቤታችን ተለምዶ አያውቅም። ሠናይት እፍኝ ዘግና እያወራች በላች፤ ሁለተኛም ዘገነች። ከጓዳው ደጃፍ ቆሜ እያንዳንዷ ፍሬ ስትታኘክ ሰማሁ። እኛ ቤት እንግዳ ሲበላ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ በጥጥ የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳዋ አወጣች። የጥቁሩ ሸክላ ስባሪ ነው። አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለቻት። መጀመሪያ አላየችውም። በጥፍሯ መታ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ቀጥላ አውራ ጣቷን በውስጥ በኩል አስኬደችበት። በመጨረሻም የተሰበረውን ጠርዝ በምላሷ ነካችው።

«ሴት ናት» አለች።

«ማን?»

«የሠራችው። ውስጡን ያለሰለሰችበት ጣት ቀጭን ነው፤ ይኸው መንገዱ። አፈሩም የኛ አፈር ነው። ከታች ወንዙ ዳር የምንቆፍረው። ይኼ የሚያብለጨልጭ አሸዋ ሌላ ጋ የለም።»

ሠናይት ደብተሯን አወጣች። «ይኼ ቀይ ቀዩ ነጠብጣብስ ምንድን ነው?»

«ገል ነው። ድስት ሲሰበር ገሉን ፈጭተን ጭቃው ውስጥ እንጨምረዋለን፣ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ። እኔ የእናቴን ነው የምፈጨው። ይችም የእናቷን ድስት ፈጭታ ጨምራበታለች።»

ሠናይት መጻፏን አቆመች። ፈረንጁ ዕቃው ከሩቅ አገር በንግድ የመጣ ነው ብሎ እንደሚያምን ነገረችን። «እዚሁ ነው የተሠራው ብዬ ስከራከረው ማስረጃሽ የት አለ ይለኛል» አለች።

አክስቴ ገሉን መለሰችላት። «እኔ ልሥራውና እዩት» አለች።

የእሑዱ ጉዳይ ባይመጣ ኖሮ ነገሩ በዚያው በሁለቱ መካከል ያልቅ ነበር። የበልግ ዝናብ ዘገየ። ደመናው ጠዋት ይሰበሰብና ከሰዓት ነፋሱ ይበትነዋል። ገብስ የሚዘራበት ቀን እያለፈ ነው። መጀመሪያ ሰው «ፊተኞቹ ከእንቅልፋቸው ስለተቀሰቀሱ ነው» አለ። ቀጥሎ አያ ጌጤ ሌላ ነገር ተናገሩ። ይህንንም ጽጌ ናት የነገረችኝ።

«አባቴ፣ ደመናው የሸሸው ሴትዮዋ ጠይቧ ቤት ከገባች ወዲህ ነው ይላል። እሑድ ይሰበሰባሉ። ጉድጓዱ ይዘጋል፤ እናንተም አገር ትለቃላችሁ።»

ለአክስቴ ስነግራት ጭቃውን በእግሯ እየረገጠች ነበር። መርገጧን አላቆመችም።

«የት እንሄዳለን?» አልኳት።

«የትም። እኔ ንግግር አላውቅም፤ ሥራዬ ይናገርልኛል። ከወንዙ ውሃ አምጪ።»

በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀርቼ አብሬያት ሠራሁ። አፈር ወቀጥን፣ ገል ፈጨን፣ ነፋን፣ አቦካን። ሠናይት ሙሉውን ማሰሮ ይዛ መጥታ አሳየቻት፤ አክስቴ ጭረቶቹን ደጋግማ አይታ ሴትየዋ ግራኝ እንደነበረች ደረሰችበት፤ የጭረቱ ጥልቀት የሚጀምረው እኛ ከምንጨርስበት በኩል ነው። ስለዚህ እሷም በግራ እጇ ለመሥራት ተነሣች። ሠላሳ ዓመት ሸክላ የሠራች ሴት እንደ ጀማሪ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። አንገቱ ሦስት ጊዜ ወደቀባት። በሦስተኛው ሳቀች። «ይች ሴት ቀልደኛ ናት» አለች።

የመጀመሪያው ማሰሮ ሐሙስ ጠዋት እሳት ገባ። አክስቴ ኩበቱን ደርድራ፣ ጭዱን ከምራ ለኮሰችው። እኔ ተጠግቼ፣ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። ጥቂት ቆይቶ ከእሳቱ ውስጥ «ጷ» የሚል ድምፅ ወጣ። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ማሰሮው ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

አልደረቀም፤ ቸኩለን ነው። ዛሬ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። አየሁት፣ ተሰበረ። የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። ዓይኔ በላው። ለማንም አልተናገርኩም። ሁለተኛው ማሰሮ ሲሠራ ከጓሮ ውሃ አቀብላለሁ እንጂ ፊት ለፊት አልቀርብም። ሁለት ሌሊት ምድጃ ዳር ደርቆ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እሳት ሲገባ ነጠላዬን ጭንቅላቴ ላይ አውርጄ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ብርቄ፣ ምን ሆንሽ?»

«እንዳልበላው ነው።»

አክስቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በትሯን ጣለች። መጥታ ነጠላውን ከፊቴ ገፈፈችው። ተቆጥታ ስታየኝ ያ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነው።

«ማነው ይህን ጭንቅላትሽ ውስጥ የጨመረብሽ? እይው» አለች። «ቀርበሽ እይው። ቀዩ መቼ ወደ ነጭ እንደሚሄድ፣ ጭሱ መቼ እንደሚጠራ ማን ይነግረኛል? የሸክላ ሠሪ ዓይን አይበላም፤ ያበስላል።»

አየሁት። ጭሱ እስኪያስለቅሰኝ አየሁት። «አሁን» ብዬ ጮኽኩ፤ አክስቴ በእንጨት ጎትታ አወጣችውና ፍም እንደሆነ እርጥብ ቅጠልና ገለባ ውስጥ ቀበረችው። ጭሱን ጠጣ። ቀዝቅዞ ሲወጣ ጥቁር ነበር። በጨርቅ ስትወለውለው የራሴን ፊት ጠምዝዞ አሳየኝ። ያን ቀን ገበያ አልሄድንም፤ ከዚያ በፊት አክስቴ የቅዳሜ ገበያ ስትቀር አይቼ አላውቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ሁሉ ጉብታው ዙሪያ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ከኋላ። መምሬ ዘነበ፣ የደብራችን ቄስ፣ መስቀላቸውን ይዘው መካከል ተቀመጡ። ሠናይትና ፈረንጁ ጉድጓዱ ጫፍ ቆመዋል።

አያ ጌጤ ተነሡ። «እንግዶቹን አልጠላንም» አሉ። «ግን ይኼ የግዙፎች መቃብር ነው። አባቶቻችን አልነኩትም። የተነካ ጊዜ ደመናው ሸሸ። ጉድጓዱ ይዘጋ። ይህን ያመጣችውም…»

ንግግራቸውን አልጨረሱም። አክስቴ ከሴቶቹም ኋላ ከነበረችበት ተነሥታ በመካከል አለፈች። ሰው ልብሷ እንዳይነካው ግራና ቀኝ ሸሸላት፤ ስለሸሸላት መንገዱ ሰፊ ሆነ። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። የያዘችውን ፈታ ማሰሮዋን ሣር ላይ አኖረች። ሠናይትም ሳትጠየቅ ከሣጥኑ የድሮውን አውጥታ ከጎኑ አስቀመጠችው።

ሁለት ጥቁር ማሰሮ፣ አንድ ቁመት፣ አንድ አንገት።

«የትኛው ነው የፊተኞቹ?» አሉ መምሬ ዘነበ።

«እርስዎ ይንገሩኝ አባቴ» አለች አክስቴ።

ጎንበስ ብለው አዩ። ወደ አንዱ ጠቆሙ። የአክስቴን ነበር የጠቆሙት። ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ቶሎም ታፈነ።

አክስቴ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ግዙፍ አይደሉም። ያሠሩት ሸክላ ከኛው ወንዝ አፈር ነው። የሠራችው እንደኔ ያለች ሴት ናት። ካላመናችሁኝ ውስጡን ዳብሱት፤ ጣቷ አንገቱ ውስጥ አለ።»

መምሬ ዘነበ በድሮው ማሰሮ እጃቸውን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባላቸውም። አክስቴ ወደኔ ዞረች። «ብርቄ፣ እጅሽን አስገቢ።»

ሠናይትን አየኋት። ማሰሮው እንዳይሰበር ፈርታለች፤ ግን በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተንበርክኬ እጄን አስገባሁ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ስዳብስ አራት ጎድጓዳ መንገድ አገኘሁ፣ ጎን ለጎን። አራት ጣቴን አሳረፍኩባቸው። ልክ ሆኑ። ትንሽ እንኳ አልሰፉኝም።

«ልክ ነው» አልኩ። «የኔን እጅ ያክላል።»

ከዚያ ጽጌ ከእናቷ ጎን ተነሣች። እናቷ ቀሚሷን ልትይዛት ሞከረች፤ አመለጠቻት። አጠገቤ ተንበረከከች። «እስኪ እኔም» አለች። እጄን ሳወጣ እጇ እጄን ነካው፤ አልሸሸችም። አስገብታ ቆየች፤ ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ እየዳበሰች።

«አባዬ፣ ልጅ ናት» አለች። «እንደኛ ልጅ ናት።»

ከዚያ በኋላ ሕዝቡን ማን ያቁመው። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተሰለፉ። የሕፃናቱን ፊት ከኛ የሚሸፍኑት እናቶች የሕፃናቱን እጅ ይዘው እያስገቡ «አገኘሽው?» ይሉ ነበር። ሠናይት ማሰሮውን በሁለት እጇ አቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፈረንጁ የአክስቴን ማሰሮ አንሥቶ በአጉሊ መነጽር ጭቃውን አየ፤ የድሮውን ስባሪ አየ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ለአክስቴ እጅ ነሣ። የተናገረውን ሠናይት ተረጎመችው። «ከሩቅ የመጣ ነው ብዬ ተሳስቻለሁ ይላል።»

መምሬ ዘነበ ብድግ አሉ። «ሰዎች ናቸው» አሉ። «አፈር ናቸው፤ እኛም አፈር ነን። ሙታን ናቸውና ፍትሐት ባናደርስላቸውም በአክብሮት ይነሡ። ሥራውም ይፈጸም። ዝናብን የሚያዘው ፈጣሪ ነው፤ ድስት አይደለም።» ከዚያ ወደ አያ ጌጤ ዞሩ። «የሚቀር ነገር አለ?»

አያ ጌጤ ሁለቱን ማሰሮዎች እያፈራረቁ አዩ። «የለም» አሉ።

ሰው በአንድ ቀን ተለወጠ አልልም። በዚያው ዓመትም ፊቱን ያዞረብን ነበር። ሰኞ ግን ትምህርት ቤት ስገባ ጽጌ ደብተሯን ይዛ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ሰፊ ነው» አለች፤ «ለብቻሽ ምን ያደርግልሻል?» በዚያ ሳምንት ሌላ ሁለት ልጆች መጡና አራት ሆነን ተጨናነቅን። እንደዚያ ተጨንቄ በመጻፌ የተደሰትኩትን ያህል በጽሕፈት ተደስቼ አላውቅም። ዝናቡም ከሁለት ሳምንት በኋላ በራሱ ጊዜ መጣ።

ቁፋሮው በተጠናቀቀ ቀን ጉድጓዱ ከመሞላቱ በፊት ሠናይት አክስቴን ምን ላድርግልዎ አለቻት።

«ወርጄ ያች ሸክላ ሠሪ ያለችበትን ልየው» አለች አክስቴ።

መሰላሉ ረጅም፣ አፈሩ የሚናድ ነበር። ሠራተኞቹ ጨርሰው አካፋቸውን ተደግፈዋል፤ ሰውም የመጨረሻውን ሊያይ መጥቷል። አክስቴ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። ማሰሮው ተቀምጦበት የነበረውን ክብ ሥፍራ ሠናይት ከላይ በጣቷ አሳየቻት። አክስቴ እዚያ ቁጢጥ አለች፤ ሥራ ላይ እንደምትቀመጠው። መዳፏን መሬቱ ላይ አድርጋ ቆየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም።

ስትወጣ የመሰላሉ መጨረሻ ደረጃ ላይ አፈሩ ከዳት። አያ ጌጤ ነበሩ የቀረቡት። እጃቸውን ዘረጉ፤ ጭቃ የበላውን እጇን ጨብጠው ሳቧት፣ «ቀስ ይበሉ» እያሉ። አስወጥተዋትም ወዲያው አልለቀቋትም።

«ምን አዩ?» አሏት።

አክስቴ አቧራዋን አራገፈች።

«ትበልጠኛለች» አለች። «በሙያ እጇ ከኔ እጅ ይበልጣል፤ እውነቱን መናገር ነው። እሷ ግን ጨርሳለች። እኔ ገና አልሞትኩም።»

መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ዘነበ ናቸው፤ ከዚያ አያ ጌጤ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ከዚያ ሁሉም። አክስቴ ሳቁ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። «ብርቄ፣ ነይ እንጂ» ብላኝ በሕዝቡ መካከል፣ ከሁሉ ፊት ፊት ወደ ወንዙ ወረደች፤ አፈር ልትቆፍር።